የኬክ ላይ ሥዕልና የፊዚክስ ትምህርታችን

በምረቃ ሰሞን ከአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች የሚወጡትን ትልልቅ ኬኮች ያየ ሁሉ በላያቸው የተለጠፈውን ፎቶግራፍ ሳያስተውል አይቀርም። ተመራቂው ጥቁር ካባውን ደርቦ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ ከነፈገግታው በኬኩ ገጽ ላይ ይታያል። ወረቀቱም ቀለሙም የሚበሉ ናቸው፤ እንግዳው የሚደነቀውም የሰው ፊት ቆርሶ በመብላቱ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የምንወደው ግን ቀላል የሚመስል ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ወረቀቱ በኬኩ ላይ ተጣብቆ የሚቆየው፣ አንዳንዴም የማይቆየው እንዴት ነው? የሚል ነው።

ጥያቄውን ያለ ምክንያት አላነሣነውም። በአንድ የክረምት ምረቃ ለተማሪዎቻችን ኬክ አዘዝን፤ የሁሉም ፎቶግራፍ በአንድ ወረቀት ላይ ታትሞ እንዲለጠፍበትም ጠየቅን። ሥራው እንዳይዘገይብን ሰግተን ሥዕሉ በዋዜማው ምሽት እንዲለጠፍና ኬኩ በማቀዝቀዣ እንዲያድር ያደረግነው እኛው ነን። በማግስቱ ንግግሩ ገና ሳያልቅ የወረቀቱ ጠርዞች ወደ ላይ መነሣት ጀመሩ። ዳር ላይ የተደረደሩት ተመራቂዎች ፊት ተጨማደደ፤ የአንዳንዶቹም ካባ ቀለሙ ፈሶ ወደ ጎረቤቶቻቸው ተሻገረ። ሳቁ ሲበርድ «ለምን ይመስላችኋል?» ብለን ጠየቅን። የገጽ ውጥረትን ትርጉም ከነቀመሩ በፈተና ወረቀት ላይ ያለ ስሕተት የጻፉ ወጣቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ «ሙጫው አልያዘ ይሆናል» አለ፤ ከዚያ ያለፈ መልስ አልተገኘም። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት እኛም የተሟላ መልስ አልነበረንም።

በኋላ ወደ ኬክ ቤቱ ብንሄድ ኬኩን ያስጌጠችው ወጣት ነገሩን ስትሰማ አልተገረመችም። «መምህር፣ ክሬም ላይ ቀድሞ ከተለጠፈማ እንደዚያ ነው የሚሆነው። በእኔ ቢሆን ኬኩ ሊወጣ ሲል ነበር የምለጥፈው፤ ያውም ማር በስሱ ቀብቼ» አለችን። በውኃስ ቢሆን? ብንላት «ውኃማ ይበላዋል» ብላ ሳቀች። በዚህች አጭር መልስ ውስጥ የአንድ ወር ትምህርት ተጠቅልሎ ይገኛል ብለን እናምናለን።

አስቀድመን የመጣበቅን ነገር እንመልከት። ሁለት ደረቅ ገጾች ለዓይን የቱንም ያህል ልስልስ ቢመስሉ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ወጣ ገባ ናቸው፤ ሲደራረቡም የሚነካኩት በጉብታዎቻቸው ጫፍ ብቻ ነው። ሞለኪውሎች የሚሳሳቡበት ኃይል ደግሞ በጣም ካልተቀራረቡ እምብዛም አይሠራም። በደረቅ ብስኩት ላይ የተቀመጠ ደረቅ ወረቀት እፍ ሲሉት የሚበረው ስለዚህ ነው። ስስ ፈሳሽ በመካከል ሲገባ ግን ክፍተቱን ሞልቶ ሁለቱንም ገጾች ይነካል። ቴምብር በምራቁ አርሶ የለጠፈ ወይም በዱቄት ሙጫ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ሲለጠፍ ያየ አንባቢ ይህን ያውቀዋል።

ችግሩ የሚመጣው ያው ፈሳሽ ወረቀቱንም የሚለውጠው በመሆኑ ነው። ከሚበሉት ወረቀቶች አንዱና የታወቀው ዓይነት ከድንች ስታርች፣ ከውኃና ከጥቂት ዘይት የሚሠራ ነው። ስታርች ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። የወረቀቱ የታችኛው ገጽ ከክሬሙ ውኃ ጠጥቶ ሲለጠጥ የላይኛው ገና ደረቅ ስለሆነ ባለበት ይቆያል፤ ከሥር የረዘመና ከላይ ያጠረ ወረቀት ደግሞ ከመጉበጥ በቀር ሌላ ምርጫ የለውም፤ ጠርዞቹም ይነሣሉ። በኤሌክትሪክ ካውያ ውስጥ ሙቀትን የሚቆጣጠረው ጥምር ብረት የሚጎብጠውም በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ በዚያ ሙቀት፣ በዚህ እርጥበት መሆኑ ነው። ቲሞሼንኮ የጥምር ብረቱን ስሌት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር። በሜካኒክስ ኮርስ የተማረው ተማሪ ኬኩ ፊት ቆሞ ሳያስታውሰው መቅረቱ ነው የሚቆጨን።

የክሬሙም ዓይነት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በተመታ ክሬም ውስጥ ስብ በውኃ ተከቦ ይገኛል፤ በቅቤ ውስጥ ግን በተቃራኒው ጥቂቱ ውኃ በስብ ተከቦ እንደታሰረ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ውኃውን ለወረቀቱ በቀላሉ ሲሰጥ ሁለተኛው ይነፍገዋል። የቀለሙ መፍሰስ ደግሞ ከማቀዝቀዣው የመጣ ነው፤ ቀዝቃዛው ኬክ በክረምቱ እርጥብ አየር ውስጥ ሲወጣ ፊቱ ላይ ጤዛ ያዘ።

ማሩስ? ማር ከክብደቱ አምስተኛው ያህል ወይም ከዚያ ያነሰው ውኃ ቢሆንም ስኳሩ አጥብቆ ስለያዘው በቀላሉ አይለቀውም። ከዚህም ሌላ ዝልግልግነቱ እንደ ሙቀቱና እንደ ዓይነቱ ከውኃ አሥር ሺህ እጥፍ ያህል ሊደርስ ይችላል። ፈሳሽ በወረቀት ቀዳዳዎች ውስጥ በተወሰነ ጊዜ የሚጓዘው ርቀት ከዝልግልግነቱ ስኩዌር ሩት ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን እንኳ ማር ዘልቆ የሚገባው ውኃ ከሚገባበት መቶኛውን ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ ግምት እንጂ ትክክለኛ ስሌት አይደለም፤ ማር ስኳሩን ወደ ኋላ ትቶ ውኃውን ለወረቀቱ ጥቂት በጥቂት ስለሚሰጥ። ወጣቷ «በስሱ» ያለችውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

«ፊዚክስን ወጥ ቤት አወረዳችሁት» የሚሉን ባልደረቦች አሉ። ፊዚክስ ግን ከወጥ ቤት የወጣበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1862 የተወለደችው ጀርመናዊት አግነስ ፖከልስ በዘመኗ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ዝግ ስለነበር በብራውንሽቫይግ ከተማ ወላጆቿን እየጦረች ቤት ውስጥ ቀረች። በዕቃ ማጠቢያ ውኃ ላይ ያየችውን ተከትላ፣ በቆርቆሮ ገንዳ ላይ ተንሸራታች ሰቅ አኑራ፣ ቅባትና ቆሻሻ የውኃን የገጽ ውጥረት እንዴት እንደሚለውጡ ለካች። እ.ኤ.አ. በጥር 1891 ውጤቷን ለእንግሊዛዊው ሊቅ ሎርድ ሬይሌይ ጻፈችለት፤ እሱም «ኔቸር» ለተባለው መጽሔት ላከላት፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1932 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ላንግሙየር በገጽ ጥናቱ የተጠቀመበት መሣሪያ የእሷ ገንዳ ተሻሽሎ የቀረበ ነው።

ቤተ ሙከራችን ዕቃ እንደሚጎድለው አንክድም፤ ይህን በየስብሰባው ተናግረናል፣ ወደፊትም እንናገራለን። ነገር ግን ዕቃ የለም በሚል ምክንያት ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ይዘን ስንቀር ጥፋቱ የእኛም ነው። ወደ ክፍላችን በምርጫው ሳይሆን በምደባ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ነው፤ ለእርሱ ቀመሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ነገር ካላገኘ አራቱም ዓመት ፈተና ብቻ ይሆንበታል።

ስለዚህ ለጀማሪ ተማሪዎቻችን አንድ ሙከራ አዘጋጅተናል፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በቤታቸው ሊሞክሩት ይችላሉ። የሚበላው ወረቀት ከተወደደ የንድፍ ሥራ ትሬሲንግ ወረቀት ይበቃል። አንድ ሳንቲ ሜትር በአምስት ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ በሳህን ውኃ ላይ አንሳፍፉት፤ ወዲያው ይጠቀለላል፤ ቆይቶም እርጥበቱ ወደ ላይኛው ገጽ ሲደርስ መልሶ ይዘረጋል። እስኪዘረጋ የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት መዝግቡ፤ ከዚያ በውፍረቱ የተለየ ወረቀት አምጡና ድገሙት። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜውም እጥፍ ይሆን እንደሆነ፣ ወይስ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋ እንደሆነ ልኬታችሁን ላኩልን። የሚበላው ወረቀት ያላቸው ደግሞ ሦስት ብስኩቶች ላይ በውኃ፣ በማርማላታና በማር ለጥፈው የጠርዙን ከፍታ በየአምስት ደቂቃው በማስመሪያ ይለኩ።

ኬክ አስጌጧንም በመጀመሪያው የሙከራ ቀን መጥታ እንድትለጥፍልን ጠይቀናታል። «የዩኒቨርሲቲ ልጆችን እኔ ምን ላስተምር?» ብላ እስካሁን እሺ አላለችም፤ በዚህ ሳምንት ደግመን እንሄዳለን።