ሁሉም ነገር ጨጓራ አይደለም

እኛ ሐበሾች ለሆድ ሕመም ያለን ስም አንድ ነው፤ ጨጓራ። ቡና በባዶ ሆድ ጠጣን፣ ጨጓራ። በርበሬው በዛ፣ ጨጓራ። አለቃችን ጮኸብን፣ ጨጓራችንን ላጠው። ከዚያ ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት ጎራ ብለን ኦሜፕራዞል እንገዛለን፤ "ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነ?" የሚለን የለም።

የሰፈራችን ጋሼም ለወራት ሆዳቸውን ይዘው "ጨጓራዬ ተነሳብኝ" ይሉን ነበር። እኛም እንደ አዋቂ "ተልባ ይጠጡ" እያልን መከርናቸው። አንድ ሌሊት ሆዳቸው እንደ ድንጋይ ደርቆ ሆስፒታል ገቡ። ቀጭን አንጀታቸው ተበስቷል። ናሙናው ሲመረመር የተገኘው ከሳንባ የተነሳ ካንሰር ነው። ጋሼ ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ ግን አላሳላቸውም፣ ደምም አልተፉም።

ከሳንባ ተነስቶ አንጀት? እኛም እንደ እናንተ ግራ ገባን። ጠይቀን የተረዳነው እንዲህ ነው። የሳንባ ካንሰር በደምና በሊምፍ ይጓዛል። ጉበትና ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ዘንድ መድረሱ የተለመደ ነው። ቀጭን አንጀት ላይ አርፎ መዝጋቱ፣ ማድማቱ ወይም መብሳቱ ግን ብርቅ ነው። አንዳንዴ ደግሞ አንጀትን ሳይነካ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ ያደርግና ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል።

እንዳትደነግጡ! አብዛኛው የሆድ ሕመም ካንሰር አይደለም። የእኛ ጠብ ከቃሉ ጋር ነው። "ጨጓራ" ካልን በኋላ ጥያቄ ያበቃል። ሕመሙ ሳምንታት ከቆየ፣ ሳያስቡት ከከሱ፣ ሰገራ ከጠቆረ ወይም ትውከት ካላቆመ ቦታው መድኃኒት ቤት ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ነው። የሚያጨስ ሰው ደግሞ ሆዱን ሲታመም ማጨሱን ይናገር፤ ሐኪሙም ይጠይቅ። በ2022 እ.ኤ.አ. የሳንባ ካንሰር በዓለም 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ገድሏል፤ ከካንሰሮች ሁሉ የሚስተካከለው አልነበረም። ኢትዮጵያም በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክላለች። እስቲ ዛሬ ማታ የምትሄዱበትን ቤት ቃኙት።

ጋሼ ቀድመው ቢመረመሩ ይድኑ ነበር አንልም፤ የተዛመተ ካንሰር ከባድ ነው። ግን የሚታገሉትን አውቀው፣ ሳይበሳ በፊት ሕክምና የመጀመር ዕድል ነበራቸው።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። ጋሼ አልደበቁም፤ ለሁላችንም ነግረውናል። በሌላ ስም የጠራነው እኛ ነን።