ማስታወቂያውና ቆራሌው

«ጽዳት የጤና መሠረት ነው» የሚለውን ቃል ከፊደል ጋር አብረን የቆጠርነው ስለሆነ፣ ዛሬ ስለ ቆሻሻ ለመጻፍ ብንነሣ አንባቢ «ይህንንማ ማን ያጣዋል?» ብሎ ገጹን ሊገለብጥ ይችላል። የምንጽፈውም ስለዚሁ ነው። የሚያውቀው ብዙ፣ የሚያደርገው ግን ጥቂት ሆኗልና።

ባለፈው ሴሚስተር በመኝታ ቤታችን ኮሪደር «ቆሻሻን በቦታው እንጣል» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር። ጽሕፈቱ ያማረ፣ ቀለሙም የደመቀ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ማስታወቂያው ራሱ ከግድግዳው ተላቅቆ ከብርቱካን ልጣጭና ከሃይላንድ ጠርሙስ ጋር ወለሉ ላይ ወድቆ ተገኘ። እኛ የለጠፍነው እንኳ አላነሣነውም። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይህ ነው።

በአንጻሩ ቆራሌውን እንመልከት። ማስታወቂያ አይለጥፍም፤ ስለ ንጽሕናም አይሰብክም። ዳሩ ግን ድምፁ በሰፈር ሲሰማ እናቶቻችን ያጠራቀሙትን ጠርሙስ፣ ጣሳና ቁርጥራጭ ብረት ይዘው ብቅ ይላሉ። ምክንያቱም ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ ጥሪውን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ ለሚወስደውም ይከፍላል። ብረቱና ጣሳው መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ የከሰል ምድጃና ሌላም የቤት ዕቃ ሆኖ ይመለሳል።

ምሁራን ይህን መሰሉን ዘዴ «ማኅበራዊ ግብይት» ይሉታል። ፊሊፕ ኮትለርና ጄራልድ ዛልትማን በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ነጋዴ ዕቃውን የሚሸጥበት ብልሃት ለሕዝብ የሚበጅ ልማድን ለማስፋፋትም ሊውል እንደሚችል አስረድተዋል። ነጋዴ ስለ ዕቃው፣ ስለ ዋጋውና ስለሚሸጥበት ቦታ አስቀድሞ ካላሰበ ማስታወቂያው ብቻውን ገዢ አያመጣለትም። እኛ ግን የያዝነው ማስታወቂያውን ብቻ ነው። በግቢያችን ወረቀቱም፣ ጠርሙሱም፣ የወጥ ትርፍራፊውም በአንድ በርሜል ይጣላል። ወጥ የነካውን ወረቀት ደግሞ የሚገዛ የለም።

«ሕግ ያስተካክለዋል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ሕግ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ ፌስታሉ ግን ከየሱቁ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሌላ አዋጅ ማጽደቁ የመጀመሪያው ክልከላ ብቻውን እንዳልበቃ ያሳያል።

«የጽዳት ሠራተኞች ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። እኛ የቀላቀልነውን ማለዳ በእጃቸው የሚለዩት እናቶች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉን ይሆን? ከግቢ የወጣው ቆሻሻስ የት ይደርሳል? መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ። ቤታቸው በክምሩ ሥር የነበረ ድኾች ነበሩ። ክምሩን የከመርነው ግን የከተማው ሰዎች ሁላችን ነን፤ በየቀኑ፣ በየፌስታሉ።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። በየፎቁ ሦስት ጆንያ ይቀመጥ፤ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለጠርሙስ፣ አንዱ ለትርፍራፊ። ከአንድ ቆራሌ ጋር ተዋውለን ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት በር ድረስ ይምጣ። የሽያጩ ገንዘብ ለማባዣ ወረቀት የሚከፍለው ላጣ ጓደኛችን ይዋል፤ በየወሩም የተገኘው ሒሳብ በሰሌዳ ይለጠፍ። ያን ጊዜ የምንለጥፈው ወረቀት ምክር ሳይሆን የሠራነው ሥራ ይሆናል።

ማኅበሩ እስኪወስንም አንጠብቅ። የመጀመሪያውን ጆንያ እኛ በፎቃችን በመጪው ሰኞ እናስቀምጣለን። የእናንተስ ፎቅ?