የመንገድ ዳር ምግብ ቤትና ደረሰኙ



በሙዱላ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ቆጮ በጎመን የበላ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ መንገደኛ የሚገባው ቦታውን አይቶ ነው። ከዱራሜ በሐደሮ በኩል የመጣ ሰው ከመኪና እንደ ወረደ መጀመሪያ ያገኘው ደጃፍ ይበቃዋል። ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቤት ግን ወጡ ቢጣፍጥም ጠያቂ የለውም።

ይኸው መንገድ ዳር በየዘመኑ ሕጉ ሲለዋወጥበት ኖሯል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። በየከተማው ስንቱ ሻይ ቤት በቀበሌ ቤት እንደ ኖረ ትልልቆቻችን ያስታውሳሉ። በ1986 ሊዝ መጣ፤ በ2004 አዋጅ ቁጥር 721 አጠበቀው። ዝንጅብላችንን አጠውልግ በሽታ የመታውም በዚያው ጊዜ አካባቢ ነው፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው። የዝንጅብል ብር ከገበያ ሲጠፋ ምሳ የሚበላ ነጋዴ ከየት ይመጣል?

አዲስ አበባን እንይ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርሱ የዘመናት ቁርስ ቤትና ምግብ ቤት አብሮ ሄደ፤ ደንበኛውም ተበተነ። የኮሪደር ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ወርዷል። እኛ ዘንድ አይደርስም ብሎ መተኛት አያዋጣም።

መንገድ አይስፋ አላልንም፤ ኧረ ጭቃው ያስመረረን እኛው ነን! ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳን ለፈረሰ ንብረት ብቻ አልተወውም፤ ስለሚቋረጥ የንግድ ገቢም ያነሳል። ታዲያ ገቢው በምን ይታወቃል? በንግድ ፈቃድና በግብር ደረሰኝ ነዋ። በሰው በረንዳ ላይ ጀበና ጥዳ፣ በቃል ስምምነት ኪራይ እየከፈለች ልጆች የምታሳድግ እናት የቱን ወረቀት ልታሳይ ነው? ቤቱ ሲፈርስ ባለቤቱ ይጠራል፤ እርሷን ማንም አይጠራም።

አከራዮች ሆይ፣ ውል መጻፍ የምትፈሩት ግብሩን ፈርታችሁ መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ጻፉላቸው። ማኅበሩም መንገድ ዳር ምግብና ቡና የሚሸጡትን በሙሉ ከነቦታቸው መዝግቦ፣ ፕላን ሲወጣ ምትክ ቦታቸው ከጓሮ ሳይሆን ከመንገዱ ፊት እንዲሆን ካሁኑ ይጠይቅ።

ፈቃድ፣ ውል ወይም ደረሰኝ ያላችሁ ይዛችሁ ብቅ በሉ። ምንም የሌላችሁም ቅሩ አልተባለም፤ ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደ ሠራችሁ በቃል ንገሩን፣ ጎረቤት ይመስክር፣ እኛ እንጽፋለን።