እንቅልፍ የሚነሳ መብራት

መብራት ሲጠፋ ሰፈር ሁሉ ያማርራል። ሳይጠፋ ሲያድር ግን ብዙም ቅር የሚለው የለም፤ እንዲያውም የሥልጣኔ ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። በአዲስ አበባ አዲስ በተሠሩት መንገዶች ዳር ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ግን ሌላ ነገር ያውቃል። ከእኩለ ሌሊት በኋላም ነጭ ብርሃን መጋረጃውን አልፎ ፊቱ ላይ ያርፋል። ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ጌጥ ቀለሙን ሲቀያይር ያድራል።

ይህ የምቾት ጥያቄ ብቻ አይደለም። አንጎል "መሽቷል" ብሎ ለሰውነት የሚናገረው ሜላቶኒን በተባለ ሆርሞን ነው፤ ሆርሞኑ በደንብ የሚመነጨውም በጨለማ ነው። ዓይን ውስጥ ቀንና ሌሊትን ለሰውነት የሚያሳውቁ ሕዋሳት አሉ። እነሱን ይበልጥ የሚቀሰቅሳቸው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ደማቅ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ደግሞ ይህን በብዛት ይረጫል። ሰውየው ተኝቷል፤ ለሰውነቱ ግን ገና አልመሸለትም።

መዘዙ በነጋታው ድካም ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነ፣ በእንግሊዝ ከ86,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ ሌሊት ብዙ ብርሃን የሚያገኛቸው ሰዎች በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው በ30 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ነው። እርግጥ ብርሃኑ ድባቴውን አመጣው ወይስ እንቅልፍ ያጣ ሰው መብራት አብርቶ ያመሻል የሚለው ገና ያከራክራል። ክርክሩ እስኪቋጭ ግን ሰው በጨለማ የመተኛት መብቱን ማጣት የለበትም።

"መብራት ከሌለ ሌባ ይበዛል" የሚል መልስ ይኖራል። አምሽታ ከሥራ የምትመለስ ሴት ስጋት በእርግጥ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እሷን የሚጠቅማት መንገዷን የሚያሳያት ብርሃን እንጂ አራተኛ ፎቅ ላይ የተኛውን ሕፃን የሚቀሰቅሰው አይደለም። አናቱ ተሸፍኖ ወደ መሬት የሚያበራ መብራት ሁለቱንም ያስማማል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ለመንገድ ከ3,000 ኬልቪን ያልበለጠ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን እንዲመረጥ መክሯል። ፈረንሳይም የሱቅ መስኮቶችና ሠራተኛ የሌለባቸው ቢሮዎች ሌሊት መብራታቸውን እንዲያጠፉ በሕግ ደንግጋለች።

አዲስ አበባ አምፖሎቿን ገና እየተከለች ነው። ዛሬ አስቦ መትከል ነገ ነቅሎ ከመቀየር ይረክሳል። የእግረኛው መብራት ይብራ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ተመልካች የሌለው የማስታወቂያ ስክሪንና የሕንፃ ጌጥ ግን ቢጠፋ ማን ይጎዳል?