መስጂዳችንን በካርታ ላይ ስናርም መለያ ቁጥሩን አናጥፋ

ውድ የመቀሌ ጀማዓዎች!

እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ ማንም ሰው በነፃ የሚያርመው ኦፕንስትሪትማፕ የተባለ የዓለም ካርታ አለ። ከተማችንም እዚያ ላይ ናት። በካርታው የተመዘገበ ቦታ ምድብና መለያ ቁጥር አለው። ምድቡ ቦታው ምን እንደሆነ ይናገራል፦ የአምልኮ ስፍራ ነው፣ ሃይማኖቱ እስልምና ነው፣ ትምህርት ቤት ነው፣ መቃብር ነው። ማን መቼ ምን እንዳረመ የሚያሳየው ታሪክ ደግሞ ከቁጥሩ ጋር ታስሮ ይኖራል።

አንዳንድ ወጣቶች ስህተት ሲያዩ ሰርዘው እንደ አዲስ መሳል ይቀናቸዋል። ይህን አንደግፍም። አዲስ ሲሳል አዲስ ቁጥር ይወጣል፤ የቀድሞው ታሪክ አብሮት አይሄድም፤ ቦታውን በአሮጌው ቁጥር የያዘ ሌላ መዝገብም ያጣዋል። የተሳሳተው ምድቡ ከሆነ ምድቡን፣ ስሙ ከሆነ ስሙን ብቻ ማረም ይበቃል።

ምድብ እንደ ቀላል አይታይ። ምድብ ያልተሰጠው የሙስሊም መቃብር ካርታውን ለሚያይ እንግዳ ባዶ ሜዳ ነው። ከከተማችን ወጣ ስንል፣ ከውቅሮ በስተሰሜን ያለው የነጋሽ መስጂድ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ተጎድቷል። ተጎድቷል ተብሎ «ፍርስራሽ» የሚል ምድብ ቢሰጠው ግን መስጂድነቱን መንጠቅ ይሆናል። ጉዳቱ ለብቻው ይጻፍ፤ ምድቡ መስጂድ ሆኖ ይቆይ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ቦታውን በዓይናችሁ ሳታዩ፣ የሰፈሩን አባቶች ሳትጠይቁ አትጻፉ። የምንጽፈው አማና ነው።

ወሏሁ አዕለም።