ጥፋቱ የእናትየው ቋንቋ አይደለም

ልጅ አልናገር ሲል ዳኛው ይበዛል። ጎረቤት "የወላጅ ኃጢአት ነው" ይላል። ዘመድ "መንፈስ ነው፣ ይጸለይለት" ይላል። የተማረው ደግሞ ሳይንስ የሚመስል ፍርድ ይዞ ይመጣል፦ "ሁለት ሦስት ቋንቋ እያወራችሁ ግራ አጋባችሁት። በአንድ ቋንቋ ብቻ አናግሩት።" ሦስቱም ፍርዶች የሚያርፉት እናት ላይ ነው።

ዛሬ የምሟገተው ከሦስተኛው ፍርድ ጋር ነው። ከሁለቱ ጋር የሚከራከር አይጠፋም። ሦስተኛው ግን ነጭ ጋዋን ለብሶ ስለሚመጣ ማስረጃህ የታለ የሚለው የለም።

"አንድ ቋንቋ ብቻ" የሚለው ምክር በዓለም ዙሪያ ሁለት ቋንቋ ለሚናገሩ ወላጆች ሲሰጥ የኖረ ነው። ዲላ ላይ ሲደርስ ትርጉሙ ምን እንደሚሆን እናስብ። የዲላ ገበያ ላይ ጌዴኡፋም፣ አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሲዳምኛም ይሰማል። ወደ ወናጎ፣ ወደ ቡሌ ወይም ወደ ገደብ ብትወጡ አያት የልጅ ልጇን የምታባብለው በጌዴኡፋ ነው። እዚህ አገር "አንዱን ምረጡ" ከተባለ የሚመረጠው የሐኪሙና የቢሮው ቋንቋ ነው። የሚጣለው የእናትየው ነው።

ለመሆኑ ይህን ምክር የሚደግፍ ማስረጃ አለ? ካናዳ ውስጥ ሞንትሪያል ላይ ኦቲዝም ያለባቸው 75 ሕፃናት ተጠንተው ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከፊሎቹ በሁለት ቋንቋ፣ ከፊሎቹ በአንድ ቋንቋ የሚያድጉ ነበሩ። ሁለት ቋንቋ የሚሰሙት በንግግር እድገታቸው ከሌሎቹ ወደኋላ ቀርተው አልተገኙም። ከዚያ ወዲህ የወጡ ሌሎች ጥናቶችም ወደዚያው ያመለክታሉ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ንግግሩ ሊዘገይ ይችላል፤ የሚያዘገየው ግን ሁለተኛው ቋንቋ አይደለም።

"የካናዳ ልጅ ሌላ፣ የጌዴኦ ልጅ ሌላ" የሚል ይኖራል። ይሁን። እንግዲያው እናትን ቋንቋሽን ጣይ ብሎ የሚያዝዘው ሰው ነው ማስረጃ ማቅረብ ያለበት። የማስረዳት ሸክሙ የከሳሹ እንጂ የተከሳሿ አይደለም።

ወደ ዘረመል እንምጣ፤ እናትን ነጻ የሚያወጣው ዋናው ምስክር እዚያ አለ።

ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. 11 ሕፃናትን ገልጾ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ካስተዋወቀ በኋላ፣ ፈረንጆቹም ለዓመታት የከሰሱት እናትን ነበር። "እናትየው ቀዝቃዛ ስለሆነች፣ ስላልወደደችው ነው" ተባለ። ይህን ክስ ካፈረሱት አንዱ በ1977 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የታተመ የመንትዮች ጥናት ነው። በጥናቱ ውስጥ 21 ጥንድ መንትዮች ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ቢያንስ አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። 11ዱ ጥንዶች ከአንድ ዕንቁላል የተገኙና ዘረመላቸው አንድ የሆነ ናቸው። 10ሩ ደግሞ ከሁለት ዕንቁላል የተገኙ፣ እንደማንኛውም ወንድማማች ናቸው። ከአንድ ዕንቁላል በተገኙት፣ ከ11 ጥንድ በ9ኙ ሌላኛውም ልጅ ኦቲዝም ወይም የቋንቋና የአእምሮ እድገት ችግር ነበረበት። ከሁለት ዕንቁላል በተገኙት ግን ይህ የታየው ከ10 ጥንድ በ1 ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በሁለቱም ዓይነት ቤቶች መንትዮቹ ያደጉት አንድ ጣሪያ ሥር ነው። የሰሙት የአንዲት እናት ቋንቋ ነው። መንስኤው እናትየው የምታወራው ቋንቋ ቢሆን ኖሮ በሁለቱ ዓይነት መንትዮች መካከል ይህን ያህል ልዩነት ከየት ይመጣል? ልዩነቱ ያለው ዘረመላቸው ላይ ነው።

ጥናቱ ትንሽ ነው ለሚል በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው አለ። ከ5 አገሮች ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆች የተካተቱበት ሲሆን፣ ኦቲዝም ካንዱ ሰው ወደ ሌላው ከሚለያይበት ምክንያት 80 ከመቶ ያህሉን የያዘው ዘረመል መሆኑን አሳይቷል።

"ዘረመል" ሲባል ግን ሌላ ክስ እንዳይሆን እፈራለሁ። "በዘራቸው አለ" ተብሎ የቤቱ ሴት ልጅ ሳታገባ እንዳትቀር። ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ኦቲዝም የሚባል አንድ ዘረመል የለም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረመሎች ይሳተፋሉ፤ ብዙዎቹ ለውጦች ማንኛችንም ውስጥ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው እጅግ ትንሽ ድርሻ ያላቸው ናቸው። አንዳንዱ ለውጥ ደግሞ ልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው፤ አባትም እናትም ዘንድ የለም። የጌዴኦ ገበሬ ከአንድ የቡና እናት ዛፍ የለቀመው ዘር ሁሉ አንድ ዓይነት ችግኝ እንደማይሆን ያውቃል። አንዱ ችግኝ ስለተለየ ዛፏን የተረገመች አይላትም።

"ኦቲዝም ማለት አለመናገር ነው" የሚለውም መታረም አለበት። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የንግግር መዘግየት ከኦቲዝም መለያዎች ዝርዝር ወጥቷል። መለያው ከሰው ጋር የመግባባት ችግርና የተደጋገመ ባሕርይ ነው። አጥርቶ የሚናገር ኦቲዝም ያለበት ልጅ አለ። ጥቂት ቃል ብቻ ይዞ የሚያድግም አለ። ኦቲዝም ሳይኖርበት ጆሮው ስለማይሰማ ብቻ የማይናገርም አለ። ስለዚህ አልናገር ያለ ልጅ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። ጆሮው ሳይታይ በእናቱ ቋንቋ ላይ የሚፈርድ ባለሙያ ሥራውን ከመጨረሻው ጀምሯል።

ተከራካሪዎቼ የሚያነሱት አንድ ጠንካራ ነጥብ አለ፤ አልሸሸውም። "ባለሙያው አማርኛ ነው የሚያውቀው። መሣሪያው በአማርኛ ነው። ታዲያ ልጁ በምን ይታከም?" ይላሉ። እውነት ነው፤ የኦቲዝም አገልግሎት በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ የተከማቸ ነው። ግን ይህ የባለሙያና የመሣሪያ እጥረት ነው። እጥረቱን የፈጠረው ሥርዓቱ ሆኖ ሳለ ዕዳውን ለምን እናት ትክፈል? አማርኛዋ የገበያ አማርኛ የሆነች እናት በዚያ ብቻ አናግሪው ስትባል የምታወራው ይቀንሳል። ተረቱ ይቀራል፣ እንጉርጉሮው ይቀራል፣ ቁጣውና ቁልምጫው ይቀራል። ቃል የሚያስፈልገው ልጅ ቃል ይራባል። አያቱ፣ ጎረቤቱ፣ ለቅሶው፣ ሰርጉ ሁሉ በጌዴኡፋ በሆነበት መንደር ልጁን ከጌዴኡፋ መለየት ከሰው መለየት ነው። ከሰው መግባባት የከበደውን ልጅ የበለጠ ከሰው እናርቀዋለን?

በራስ ቋንቋ መሥራት እንደሚቻል ያሳየን ሰው አለ። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸው ሰበብ ሆኗቸው በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። የፈረንጅ መሣሪያ ብቻ እስኪመጣ አልጠበቁም። አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለውን ዘዴ በአማርኛ ድምፆች ላይ ተመሥርተው አዘጋጁ። በ2013 ዓ.ም. በሞት ተለዩን፤ ሥራቸው ግን ጥያቄ ትቶልናል። አንዲት እናት ለአማርኛ ይህን ካደረጉ፣ ለጌዴኡፋ አንድ ዩኒቨርሲቲ ምን ያንሰዋል?

ይርጋለም አጠገብ አዋዳ ላይ የአካባቢውን ቡና ዝርያ የሚያጠና ማዕከል አለ። ደግ ነው፤ ቡናው እንጀራችን ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድርም በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ኮርተናል። ለኩሩሜና ለወሊሾ ቡና የተሰጠው ትኩረት ግን በዚያው ቡና ጥላ ሥር ለሚያድገው ልጅም ይገባዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው።

አንደኛ፣ የዞኑ ጤናና ትምህርት መምሪያዎች "ጌዴኡፋ ተዉ" የሚል ምክር ከማንም ባለሙያ እንዳይሰጥ በግልጽ ይንገሩ።

ሁለተኛ፣ ሕፃን በ9 ወርና በ15 ወር ለኩፍኝ ክትባት ጤና ኬላ ሲመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናትን በራሷ ቋንቋ ትጠይቅ። ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? የፈለገውን በጣቱ ያሳያል? ድምፅ ይሰማል? ይህ ማሽን አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የጌዴኡፋ ተናጋሪ ሕፃናት በስንት ዓመታቸው ምን ዓይነት ቃል እንደሚያወጡ አጥንቶ መለኪያ ያዘጋጅ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ቆይታና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ነው፤ ስፔሻሊስት ባልሆነ ሰው እንዲሰጥ የተቀረጸ ነው፤ በአገራችንም ተሞክሯል። በጌዴኡፋ ይዘጋጅ።

አራተኛ፣ በዓለም የዘረመል ጥናቶች ውስጥ የአፍሪካውያን ድርሻ 2 ከመቶ ገደማ ብቻ እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል። ኬንያ ኪሊፊ ላይና ኬፕታውን ላይ በልጆች እድገት ዙሪያ እየተሠራ ያለው ዓይነት ጥናት ወደኛም ሲመጣ እናት የምትፈርመውን በሚገባት ቋንቋ ተረድታ ትፈርም፤ ውጤቱም በዚያው ቋንቋ ይመለስላት።

ይህ ሁሉ ጊዜና በጀት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ግን ሳንቲም አይጠይቅም፤ ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል። እናትን መክሰስ ይቁም። በምታውቀው ቋንቋ ልጇን ታናግረው።

ይህን ጽሑፍ ለምታውቁት የጤና ባለሙያና መምህር አድርሱልኝ።