ተክሎ መተው፣ ፈትቶ መተው

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 13፥6-9፤ ኢሳይያስ 61፥1-4



ጅጅጋ ላይ ችግኝ የተከለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። በሐምሌ፣ በከረን ዝናብ የተተከለው ችግኝ እስከ መስከረም ያምራል። ፎቶ የተነሣንበት ቦታ ለምለም ይሆናል። ከዚያ ጅላል ይገባል። ሰማዩ ለወራት ይዘጋል፣ ነፋሱ ሜዳውን ይጠርጋል፣ ፍየሎች አረንጓዴ ነገር ፍለጋ ከሰፈር ሰፈር ይዞራሉ። ያን ጊዜ ችግኙ የሚተርፈው አጥር የሚያጥርለትና በጀሪካን ውሃ የሚያመጣለት ሰው ካለ ብቻ ነው። ከሌለ በሚቀጥለው ሐምሌ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ እንተክላለን።

ይህን ያነሣነው ስለ ዛፍ ብቻ ልናወራ አይደለም። በአመክሮ ከእስር ስለሚወጡ ሰዎችም ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ መታሰብ አለባቸው ብለን እናምናለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድም በአመክሮ ተፈቶ ወደ ጉባኤያችን መጣ። እልል አልን፣ ጸለይንለት፣ ምስክርነቱንም ሰማን። በሳምንቱ ሥራ ፍለጋ ወጣ። የጥበቃ ሥራ አገኘ፤ ነገር ግን «ዋስ አምጣ» ተባለ። ከዚያ ሁሉ እልል ካለው ሕዝብ መካከል ዋስ የሚሆነው ሰው ጠፋ። እኛ መሪዎቹም ዝም አልን። «እንጸልይልሃለን» ብለን ሸኘነው። ሦስት ወር ሳይሞላው ከከተማው ጠፋ። ቶጎ ውጫሌ መስመር ላይ የኮንትሮባንድ ዕቃ ሲጭን አየነው ያሉ አሉ። እኛ ግን ዳግመኛ አላየነውም። በዚህ ጉዳይ ስንጽፍ ንጹሕ እጅ ይዘን አይደለም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 202 ስለ አመክሮ ይናገራል። ከተፈረደበት እስራት ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት የታሰረ፣ ጠባዩ መታረሙን ያሳየ፣ ያደረሰውንም ጉዳት በአቅሙ የካሰ ሰው ቀሪውን ጊዜ በውጭ እንዲያሳልፍ ሊፈቀድለት ይችላል። አመክሮ የሚለው ቃል ከግእዝ የመጣ ነው፤ መፈተን፣ መሞከር ማለት ነው። የሚፈተነው ግን የተፈታው ሰው ብቻ ነውን? የሚቀበለው ከተማና የሚቀበለው ጉባኤስ?

ጌታ በሉቃስ ወንጌል የተናገረውን የበለስ ምሳሌ አስቡ። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ አጥቶባት ሊቆርጣት ወሰነ። አትክልተኛው ግን አንድ ዓመት እንዲጨመርላት ለመነ። በእኛ ቋንቋ አመክሮ ጠየቀላት ማለት ነው። ልብ እንበል፤ ለምኖ ብቻ አልሄደም። ዙሪያዋን ሊቆፍርላትና ፍግ ሊያደርግላት ራሱን አቀረበ። ምሕረት የለመነው ሰው መቆፈሪያውንም ያነሣው ራሱ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ልመናውን እንወዳለን፣ ቁፋሮውን ለሌላ እንተዋለን።

በነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍ ምዕራፍ 61 ላይ ደግሞ የነገሩን ቅደም ተከተል እናያለን። መጀመሪያ ለታሰሩት የመፈታት አዋጅ ይመጣል። ከዚያ እነዚያው የተሰበሩ ሰዎች እግዚአብሔር የተከላቸው ዛፎች ይባላሉ። በመጨረሻም የፈረሱትን ከተሞች የሚያድሱት እነርሱው ይሆናሉ። የተፈታው ሰው ተረጂ ሆኖ አይቀርም፤ የከተማ ጠጋኝ ይሆናል። ጌታ ኢየሱስ በናዝሬት ምኵራብ ገልጦ ያነበበው ከዚሁ ምዕራፍ ነው።

ጅጅጋ የእስርን ነገር ከብዙ ከተሞች ይልቅ ታውቃለች። ጄል ኦጋዴን በመካከሏ ነበር። በዚያ ይፈጸም የነበረውን ሥቃይ ሂዩማን ራይትስ ዎች ሰኔ 27 ቀን 2010 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ዘርዝሮታል። ከክልሉ አመራር ለውጥ በኋላ እስር ቤቱ ተዘጋ። ከዚያ የወጡት ብዙዎች ፍርድ ቤት ያልቀረቡ ናቸውና በአመክሮ ከተፈታ ጥፋተኛ ጋር አናመሳስላቸውም። ሁለቱም ግን የወጡት ወደ አንድ መንገድ ነው፤ ሥራ ወደሌለበትና ጎረቤት በጥርጣሬ ወደሚያይበት መንገድ።

ከተማዋ ሌላም ቁስል አላት። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ካህናትና ምእመናን ተገድለዋል። ስለዚህ አንዳንድ ወገኖች «ለበደለን ሰው ሥራ እንፈልግለት?» ቢሉ አንቈጣቸውም። ሐዘናቸው እውነት ነው። ነገር ግን አመክሮ ወንጀልን መርሳት አይደለም። ሕጉ ራሱ ፍርድን፣ እስራትንና ካሳን አስቀድሟል። ይህን አልፎ የወጣን ሰው በረሃብ ዳግመኛ ብንቀጣው ለተጎዳው ምን ይጨመርለታል? በእርሱ እጅ የሚጎዳ ሌላ ሰው ብቻ ነው የሚጨመረው።

ዛፍስ ለምን? ምድሪቱ ትጠይቃለችና። በ1980 ዓ.ም. ከሐርጌሳ ጦርነት የሸሹ ወገኖች ሀርትሼክ ላይ ሲሰፍሩ መጠለያው በዓለም ከታላላቆቹ አንዱ ሆኖ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ምግቡን ያበሰለው በማገዶ ነው። መጠለያው በ1996 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ ከሰል ግን ዛሬም ከየአቅጣጫው ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። እጅ መትከል ተምሯል። የጎደለው ከተከላው በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት በየቀኑ የሚገኝ ሰው ነው። ከእስር የወጣ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ በየቀኑ የሚጠብቀው ሥራ፣ ሰዓቱን የሚቈጥርለት ኃላፊ፣ በወሩ መጨረሻ የሚቀበለው ደመወዝ።

መንገዱም አዲስ አይደለም። በኒው ዮርክ ሪከርስ ደሴት ባለው እስር ቤት ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እስረኞች አትክልት መንከባከብን ሲማሩ ቆይተዋል፤ ከወጡም በኋላ በከተማው ዛፎችና አትክልት ስፍራዎች ላይ ቋሚ ሥራ እስኪያገኙ በክፍያ የሚሠሩበት መሸጋገሪያ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። በእኛም አገር የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ጅጅጋ አንዷ ነበረች። ድሆች ቤተሰቦች በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰሉት ሥራዎች ተሰማርተው ክፍያ አግኝተዋል። ሆኖም ምዝገባው በቤተሰብና በነዋሪነት ነው። ትዳሩ የፈረሰ፣ መታወቂያው የጠፋ፣ ጎረቤት የረሳው ሰው በማን ስም ይመዘገባል?

የሶማሌ ወንድሞቻችን በዚህ ረገድ የሚያስተምሩን አላቸው። ሔር በሚባለው ባህላዊ ሕጋቸው አንድ ሰው ሲያጠፋ ጎሳው አዋጥቶ ይክሳል፤ ሽማግሌዎችም ያስታርቃሉ። ሰውየው ብቻውን አይቆምም። ለቀን ሥራ መጥቶ እዚህ የታሰረው ግን ጎሳ የለውም። የእርሱ ጎሳ ማን ነው? የክርስቶስ አካል ካልሆነች ማን ትሆናለች?

እንግዲህ ጉባኤዎቻችን ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንመክራለን። አንደኛ፣ ዋስ እንሁን። ሽማግሌዎች መክረው፣ ሰውየውን አውቀው፣ በቤተ ክርስቲያን ስም ይፈርሙ። ሁለተኛ፣ ከመስጊድ አባቶችና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ሆነን የከተማውን አስተዳደር እንጠይቅ። በጅጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬ፣ በሽንሌ ከሚተከለው ዛፍ የውሃ ማጠጣቱና የጥበቃው ሥራ የተወሰነ ቦታ በአመክሮ ለወጡ ይያዝ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ጉባኤ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ ወስዶ የአንድ ሰው የሦስት ዓመት ደመወዝ ያዋጣ። ለኮንፈረንስ ድንኳንና ለድምፅ ማጉያ የምናወጣውን ስናስብ ይህ አይከብደንም።

«ያላጠፉት ወጣቶቻችንስ ሥራ መቼ አገኙ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ተገቢ ነው። ስለዚህ የምንለው ሥራውን ነጥቀን ለሌላ እንስጥ አይደለም፤ ዛሬ ማንም የማይሠራውን የጅላሉን ሥራ እንክፈት ነው። ከተቻለም ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆፍሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ከሚወጡት ብዙዎቹ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ደመወዙ ማጥመጃ አይሁን። ጌታ ዐሥሩን ለምጻሞች ሲያነጻ የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር፤ የዘጠኙን ፈውስ ግን አልወሰደባቸውም። ሰው ላቡን ጠርጎ የተቀበለው ብር የራሱ ነው። ስለ ተስፋችን ቢጠይቀን እንመልሳለን፤ ባይጠይቀንም ውሃው አይቋረጥ።

ከሽንሌ በታች ያለውን የፕሮሶፒስ እሾህ ያየ ሰው ደግሞ ሌላውን ትምህርት አይረሳም። በመልካም ሐሳብ፣ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ መጥቶ ነበር። ተከታታይ አጣና ግጦሹን ዋጠው። ተክሎ መተው ከአለመትከል የሚብስበት ጊዜ አለ። ፈትቶ መተውም እንዲሁ።

ያ ወንድም ዛሬ የት እንዳለ ባናውቅም በጸሎታችን እናስበዋለን። ተመልሶ ቢመጣ በዚህ ጊዜ «እንጸልይልሃለን» ከማለታችን በፊት ብዕር አንሥተን እንፈርማለን፣ አካፋም እናቀብለዋለን። እርሱ ባይመጣም ሌላው በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ጅላል ሳይገባ እንዘጋጅ።

ጌታ ሆይ፣ ለእኛም ሌላ ዓመት የተጨመረልን በምሕረትህ እንደሆነ አንርሳ። አሜን።